ከሆስፒታል ወደ ቤት የተሻገረው ኃላፊነት፦ ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት

መግቢያ

ክብደት ለመቀነስ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ላይ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከታዩት ጉልህ ለውጦች አንዱ ታካሚው በሆስፒታል የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው። ሆድ በረጅሙ ተከፍቶ ይሠራ በነበረበት ዘመን ታካሚው ለብዙ ቀናት በሐኪምና በነርስ ክትትል ሥር ይቆይ ነበር። ዛሬ ግን ቀዶ ሕክምናው በአነስተኛ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታገዘ ስለሚሠራ፣ አብዛኛው ታካሚ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ብቻ አድሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ለታካሚውም ለሆስፒታሉም ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሁን እንጂ የሆስፒታል ቆይታው ቢያጥርም ሰውነት ለማገገም የሚፈልገው ጊዜ በዚያው መጠን አላጠረም። የተሰፋው ጨጓራ የሚድንበት፣ የደም መርጋት አደጋ የሚቀንስበት፣ አዲሱ የአመጋገብ ሥርዓት የሚለመድበት ጊዜ ከሆስፒታሉ ቆይታ እጅግ ይረዝማል። በመሆኑም ቀደም ሲል በሆስፒታል አልጋ ላይ ይታዩ የነበሩ ችግሮች ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የሚያያቸውም ነርስ ሳይሆን ታካሚው ራሱ ወይም አስታማሚው ነው።

ይህ ጽሑፍ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን፣ ለታካሚው የሚሰጡት ምክሮች የተመሠረቱበትን ምክንያትና ሊዘነጉ የማይገባቸውን የአደጋ ምልክቶች ያብራራል። የሚያስረዳውም ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ትምህርት ከሕክምናው በኋላ የሚጨመር ምርቃት ሳይሆን የሕክምናው አንድ አካል ነው።

በሰውነት ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው?

በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስሊቭ ጋስትሬክቶሚ ይባላል። በዚህ ዘዴ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የጨጓራ ክፍል በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ፣ እንደ ልብስ እጅጌ ጠበብና ረዘም ያለ ቱቦ ነው፤ ስያሜውም ከዚሁ ቅርጽ የተወሰደ ነው።

ሁለተኛው ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለው ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት እ.ኤ.አ. በ1966 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ ናቸው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ከጨጓራው የላይኛው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ትያያዛለች። ምግብም ቀሪውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ጤነኛ ጨጓራ በማዕድ ጊዜ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ለመያዝ ሊለጠጥ እንደሚችል ሲታሰብ፣ ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ መጠን የምትይዝ ከረጢት የምታስከትለው ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በሁለቱም ዘዴዎች የተቆረጠው የጨጓራ ጠርዝ የሚዘጋው ተራ በተራ በተሰካኩ ጥቃቅን የብረት ስፌቶች ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የስፌቱ አካባቢ ያብጣል፤ ስለሆነም መተላለፊያው ቀዶ ሐኪሙ ከሠራው ስፋት ለጊዜው ጠብቦ ይቆያል። ታካሚው በሁለተኛው ቀን አንድ ጉንጭ ውሃ ደረቱ ላይ እንደተቀረቀረ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እብጠቱ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ሲሄድ ስሜቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሌላው ለውጥ በዓይን የማይታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘው ግሬሊን የተባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በዋነኛነት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ጉልላት ነው። በስሊቭ ጊዜ ይህ ክፍል ተቆርጦ ስለሚወጣ የሆርሞኑ መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ረሃብ ፈጽሞ እንደማይሰማቸው የሚናገሩትም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ለክብደት መቀነስ የሚጠቅም ቢሆንም ለማገገሚያው ጊዜ የራሱ አደጋ አለው፤ ሰውነት «ብላ፣ ጠጣ» ብሎ ማስታወሱን ሲቀንስ የሚያስታውሰው ሰዓትና መዝገብ ብቻ ይሆናል።

ቶሎ መውጣት ከየት መጣ?

የሆስፒታል ቆይታው ያጠረው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የቴክኒክ ለውጥ ነው። አለን ዊትግሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ጋስትሪክ ባይፓስን በላፓሮስኮፒ መሥራት እንደሚቻል ካሳወቁ ወዲህ ረጅሙ የሆድ ቁስል በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተተክቷል። ሁለተኛው የአስተሳሰብ ለውጥ ነው። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በ1990ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች ታካሚን አልጋ ላይ የሚያቆየው ቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተለመደው አሠራርም እንደሆነ አስረዳ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለረጅም ሰዓት መጾም፣ ሳያስፈልግ የሚገቡ ቱቦዎች፣ ብዙ የኦፒዮይድ ማስታገሻና ለቀናት መተኛት እያንዳንዳቸው ማገገምን ያዘገያሉ።

ከዚህ አስተሳሰብ የተወለደው የተፋጠነ ማገገም መርሐ ግብር ለክብደት ቅነሳ ቀዶ ሕክምናም ራሱን የቻለ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶለታል። የመመሪያው ፍሬ ነገር ታካሚው ከማደንዘዣው እንደነቃ በሰዓታት ውስጥ እንዲቀመጥ፣ እንዲራመድና ፈሳሽ መቅመስ እንዲጀምር፣ ሕመሙም በተቻለ መጠን ያለ ኦፒዮይድ እንዲታገሥ ማድረግ ነው።

ይህ አሠራር ደህንነትን የሚቀንስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመውና በአሜሪካ 4,776 ታካሚዎችን የተከታተለው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ ሲሆኑ ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ያጋጠማቸው 4.3 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ከ100 ታካሚዎች መካከል ከባድ ችግር የሚገጥማቸው አራት ያህሉ አስቀድመው አይታወቁም፤ ሁሉም ሲወጡ ደኅና መስለው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ትምህርቱ መሰጠት ያለበት ለመቶውም ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፦ ትንፋሽ፣ ሕመምና ማቅለሽለሽ

ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ጀርባው ላይ ሲተኛ የሆዱ ክብደት ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋል፤ የሳንባው የታችኛው ክፍልም በቂ አየር አያገኝም። ማደንዘዣ ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ ታካሚው ከራስጌው ከፍ ተደርጎ እንዲተኛና በየሰዓቱ በጥልቀት እንዲተነፍስ ይደረጋል። በብዙዎቹ ታካሚዎች ላይ የሚገኘው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የትንፋሽ መርጃ መሣሪያ ይጠቀም የነበረ ታካሚ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ መጠቀሙን መቀጠል አለበት። ኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ፓራሲታሞልና በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ማደንዘዣ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ሕመም ከሆድ ይልቅ በትከሻ ላይ የሚሰማው ነው። በላፓሮስኮፒ ጊዜ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ይህም ድያፍራምን ይለጥጠዋል፣ ይቆጣዋልም። ድያፍራምን የሚያዝዘው ነርቭ የሚነሣው በአንገት አካባቢ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የኅብለ ሰረሰር ነርቭ ሲሆን፣ የትከሻ ቆዳ ስሜትም የሚመጣው ከዚሁ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት አንጎል ከሆድ የመጣውን ሕመም ከትከሻ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ሕመሙ በእንቅስቃሴ ታግዞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ምክንያቱ አስቀድሞ የተነገረው ታካሚ «ልቤን አመመኝ» ብሎ አይሸበርም።

ማቅለሽለሽም በጣም የተለመደ ነው። አፕፌል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ከማደንዘዣ በኋላ የማቅለሽለሽ ስጋትን የሚጨምሩ አራት ነገሮችን ለይቷል፤ እነዚህም ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት በጉዞ ወይም በማደንዘዣ ምክንያት ማቅለሽለሽና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኦፒዮይድ መውሰድ ናቸው። ሦስቱ የተሟሉበት ሰው የማቅለሽለሽ ዕድሉ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። በብዙ አገሮች ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ማቅለሽለሹ አስቀድሞ በመድኃኒት መከላከል ያለበት እንጂ ከተከሰተ በኋላ ብቻ የሚታከም አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። ጠበብ ባለው የስሊቭ ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊትም ለማቅለሽለሹ የራሱን ድርሻ ያበረክታል።

የጉንጭ ስሌት

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ታካሚዎችን በመጀመሪያው ወር ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመልሱት ምክንያቶች ዋነኞቹ ማቅለሽለሽና የሰውነት ፈሳሽ እጥረት ናቸው። ችግሩ የሚመነጨው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው። አንድ አዋቂ ታካሚ በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ያበጠው ጨጓራ ግን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነው።

በየ15 ደቂቃው 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ የሚጠጣ ሰው በሰዓት 120 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ 1.5 ሊትር ለመሙላት 12 ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ታካሚው ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ማለት ይቻላል የመጠጫ ጊዜ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ያመለጠው ሰው ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ሊያካክሰው አይችልም፤ ቢሞክር ያስመልሰዋል፤ ካስመለሰው ደግሞ እጥረቱ ይብስበታል። ስለሆነም «ብዙ ውሃ ጠጣ» የሚለው ምክር ለዚህ ታካሚ ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ምክር መለኪያ ኩባያ፣ ሰዓትና ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ይዞ የሚሰጥ ምክር ነው።

የእጥረቱ ምልክቶች የታወቁ ናቸው፦ ሽንት ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ አፍ ይደርቃል፤ ከአልጋ ሲነሡ ዓይን ይጨልማል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መውሰዱን የቀጠለ ታካሚ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

ምግቡም በደረጃ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያው ወይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውሃና የተጣራ መረቅ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንታት ወተትና ፕሮቲን ያላቸው ፈሳሾች፣ ከዚያም የተፈጨ፣ በመጨረሻም ለስላሳ ምግብ ይከተላል። የፕሮቲን ግቡ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚሰጥ ግቡን በወተት ብቻ ለመሙላት ሰባት ብርጭቆ ተኩል ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለት ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የፕሮቲን ዱቄት የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት እንጂ ለቅንጦት አይደለም።

የልብ ምት የሚናገረው

ሐኪሞች በጣም ከሚፈሯቸው የመጀመሪያ ቀናት ችግሮች አንዱ ከስፌቱ መስመር የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ ውስጥ ማፍሰሱ ነው። የሚያጋጥመው በጥቂት ታካሚዎች ላይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ ከታወቀ ሕይወትን ያጠፋል። በስሊቭ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በስፌቱ የላይኛው ጫፍ፣ ጨጓራው ከጉሮሮ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም የሚገለጠው ታካሚው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

በሌላ ሰው ላይ የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲከሰት ሆዱ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ ሲነካም ያማል። በጣም ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ግን ይህ ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ወፍራሙ የሆድ ግድግዳ ይሸፍነዋልና። ትኩሳቱም ሊዘገይ ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ልብ ነው። የአሜሪካ የዘርፉ ማኅበራት ያወጡት መመሪያ እንደሚያስገነዝበው፣ በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ ከ4 ሰዓታት ለሚበልጥ ጊዜ የሚቆይ አዲስ የልብ ምት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም ትኩሳት ማፍሰስን ሊያስጠረጥር ይገባል። ምክንያት የሌለው ጭንቀትና «አንድ መጥፎ ነገር ሊደርስብኝ ነው» የሚል ስሜትም እንደ ባሕርይ ድክመት መታየት የለበትም።

ለድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ሦስት ማሳሰቢያዎች ጠቃሚ ናቸው። አንደኛ፣ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ከባድ ችግር እያለበት ምቱ ላይጨምር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲቲ ስካን ንጹሕ መሆኑ ማፍሰስ አለመኖሩን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፤ ጥርጣሬው ከፍተኛ ከሆነ በላፓሮስኮፒ ገብቶ ማየት ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦን ሳያዩ በግምት ማስገባት አዲሱን ስፌት ሊበሳ ይችላል።

የልብ ምትን በቤት ውስጥ መቁጠር ደግሞ መሣሪያ አይጠይቅም። አስታማሚው በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ሁለት ጣቶቹን አሳርፎ ታካሚው አርፎ ሳለ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ብቻ ይበቃዋል። ጠዋትና ማታ ተቆጥሮ በወረቀት የተጻፈ ቁጥር በስልክ ከሚነገር «ትንሽ ደክሞታል» ከሚል ቃል ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል።

የረጋ ደም

ሌላው ዋነኛ የሞት ምክንያት በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ውፍረቱ ራሱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የፈሳሽ እጥረቱና አለመንቀሳቀሱ በአንድነት ደምን ለመርጋት ያዘጋጁታል። አብዛኛው የዚህ ዓይነት መርጋት የሚከሰተው ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ነው፤ አደጋውም ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ታካሚዎች ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ቤታቸው ሆነው እንዲቀጥሉ ይታዘዛል።

መራመድ ለሁሉም የታዘዘ መድኃኒት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእግር ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደምን ወደ ልብ ይገፋል። በየጊዜው የሚደረግ አጭር ጉዞ በቀን አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ጉዞ ይመረጣል። በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚታይ እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ግን እስከ ማግሥቱ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

የድሮው መድኃኒት ለአዲሱ ሰውነት

እ.ኤ.አ. በ1995 ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቹ ከኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጽሑፍ ጋስትሪክ ባይፓስ የተሠራላቸው የስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር ክብደታቸው ሳይቀንስ ገና በቀናት ውስጥ እንደሚወርድ አሳወቀ። ለዚህም የምግቡ መጠን ማነስና ከአንጀት የሚመነጩ ሆርሞኖች መለወጥ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጥመድ አለበት፤ የቀድሞውን የኢንሱሊን መጠን ወይም ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ክኒን ሳይቀንስ የሚወስድ ታካሚ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት እንደ ኤምፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ የደም ስኳር ከፍ ሳይል ደምን ወደ አሲድነት ሊለውጡ ስለሚችሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቆማሉ።

እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ በአዲሱ መጋጠሚያ ላይ ቁስለት ስለሚያስከትሉ አይመከሩም። እነዚህ ክኒኖች ከሰፈር መድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙ በመሆናቸው ክልከላው በታካሚው ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡም ሊታወቅ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ክምችት 30 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ምግብ ካልገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። በተደጋጋሚ የሚያስመልስ ታካሚ ክምችቱን በዚህ ፍጥነት ሊጨርስ ይችላል። የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ ሲራመዱ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ካርል ቬርኒከ እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ጉዳቱም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ታካሚ ግሉኮስ ብቻውን በደም ሥር መስጠት የቀረውን ታያሚን አሟጥጦ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ታያሚኑ አስቀድሞ ወይም ቢያንስ አብሮ መሰጠት አለበት።

ቤት፣ አስታማሚና ጠያቂ

እነዚህ ሁሉ የሕክምና ሐሳቦች ወደ ኢትዮጵያዊ ቤት ሲገቡ ከቆየ ልማድ ጋር ይገናኛሉ። በአገራችን ታማሚን መጠየቅ ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው ምግባር ነው፤ ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። የታመመ ሰው «እንዲበረታ» ቅቤና ስኳር የበዛበት አጥሚት ይቀርብለታል፤ «አንድ ጉርሻ ብቻ» እየተባለም ይለመናል። ለዚህ ታካሚ ግን ያቺ አንድ ጉርሻ የስፌቱን መስመር ልታስጨንቅ፣ ስኳሩም ከባይፓስ በኋላ ላብ፣ የልብ መምታትና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ታካሚው ራሱ እምቢ ሲል ክብር እንደነፈገ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ይህን የመከላከል ሥራ አስታማሚው ቢወስደው ይሻላል።

ልማዱ የሚሰጠው ጥቅምም አለ። ከአልጋው የማይለየው አስታማሚ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ሊያገኙት የማይችሉት ሀብት ነው። በየ15 ደቂቃው የሚያስታውስ፣ ደግፎ የሚያራምድ፣ ምት የሚቆጥር ሰው ቀድሞውንም አለ፤ የጎደለው ሥልጠናው ነው። አጥሚቱም ቢሆን ቅጥነቱ ተስተካክሎ፣ ቅቤና ስኳሩ ቀርቶ በወተት ከተሠራ ለሁለተኛው ደረጃ የሚስማማ ምግብ ይሆናል። የተጣራ የሥጋ መረቅ ያለ በርበሬ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ተስማሚ ነው።

የጾም ጉዳይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢነሣ ይመረጣል። 55 ቀናት በሚቆየው ዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል ስለማይበሉ፣ በዚህ ወቅት የሚያገግም ምእመን የፕሮቲን ምንጩ እጅግ ይጠብበታል። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለመጠጣት ከላይ የተገለጸውን የ12 ሰዓት ተኩል ስሌት ፈጽሞ የማይቻል ያደርገዋል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ቦታ ስላላቸው፣ ታካሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር አስቀድሞ እንዲመካከር ማድረግ፣ አልያም ቀኑን ከጾሙ ውጭ መምረጥ ይቻላል።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ታካሚዎች ተጨማሪ ስጋት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከ4 ሰዓታት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋት ስጋትን ወደ እጥፍ እንደሚያሳድገው አመልክቷል። ቀድሞውንም ከፍተኛ ስጋት ያለበት ታካሚ በቀናት ውስጥ ረጅም በረራ ሲጨምርበት አደጋው ይደራረባል። ከዚህም በላይ ችግሩ ቢከሰት የሚያገኘው ቀዶ ሕክምናውን ያልሠራ፣ ምን እንደተሠራም የማያውቅ ሐኪም ነው። ስለሆነም የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ቀን፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የሚወሰዱ መድኃኒቶች የተጻፉበት ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ሊያዝ ይገባዋል።

ስሜትን በተመለከተም አንድ ነገር መነገር አለበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብዙ ታካሚዎች «ምን አደረግሁ?» የሚል ጸጸት ይሰማቸዋል። ሕመሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ እንደ ማጽናኛ መሆኑ መቅረቱና ውጤቱ ገና አለመታየቱ ለዚህ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ስሜቱ የተለመደ መሆኑ አስቀድሞ ከተነገረ ታካሚው እንደ ውድቀት አይቆጥረውም፤ ለሳምንታት ከቆየ ወይም ከመጠጣት ካገደው ግን እርዳታ ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚመሩት በትንንሽ መለኪያዎች ነው፦ በሁለት ማንኪያ ውሃ፣ በአጭር እርምጃ፣ በአንድ ደቂቃ የልብ ምት ቆጠራ። እያንዳንዳቸው ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን የፈሳሽ እጥረትን፣ የረጋ ደምንና የስፌት ማፍሰስን የሚከላከሉት ወይም በጊዜ የሚያጋልጡት እነርሱ ናቸው። ቀደም ሲል ይህን ሥራ የሚሠራው ሆስፒታሉ ነበር። ዛሬ ሥራው ወደ ቤት ተሻግሯል፤ ዕውቀቱ ግን ሁልጊዜ አብሮት አልተሻገረም።

በመሆኑም የመውጫ ትምህርት በመጨረሻው ሰዓት በር ላይ የሚነገር ቃል መሆኑ ቀርቶ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚጀመር፣ አስታማሚውን የሚጨምር፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በአንድ ገጽ የተጻፈ ሊሆን ይገባዋል። ታካሚው ወይም አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት «በየ15 ደቂቃው ምን ያህል ይጠጣል? ምት ስንት ሲደርስ ይደወላል? ወደየትኛው ስልክ?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በራሱ ቃል መመለስ ካልቻለ፣ ቁስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ለመውጣት ገና ዝግጁ አይደለም። በአገር ውስጥ ለሚካሄዱ የወደፊት ጥናቶችም የሠለጠነ አስታማሚ የድንገተኛ ክፍል ምልልስን ምን ያህል እንደሚቀንስ መመርመር ተገቢና በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችል የምርምር ርእስ ይሆናል።